የአምባዛ ጫጩት በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት እንዳያልቅባችሁ፦ ከእንቁላል እስከ ደረቅ መኖ

አምባዛን ማስፈልፈል የቻለ ሰው ብዙ ነው። ጫጩቱን ሁለት ሳምንት ማድረስ ላይ ነው አብዛኛው የሚወድቀው። እንቁላሉ በደንብ ይፈለፈላል። ታንኩ ስር በሺህ የሚቆጠር ጫጩት ይርመሰመሳል። በአምስተኛው ቀን መሞት ይጀምራል፤ በአስረኛው ቀን የቀረው ጥቂት ነው። ሰው መጀመሪያ ውሃውን ይጠረጥራል፣ ቀጥሎ በሽታ ይጠረጥራል፣ በመጨረሻ እናቲቱን ይጠረጥራል። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ሌላ ነው። ጫጩቱ ገና ጨጓራ የለውም። የተሰጠው መኖ ደግሞ ጨጓራ ላለው ዓሣ የተሠራ ነው።

ይህ መመሪያ የሚጀምረው እንቁላሉ ከዳበረበት ደቂቃ ነው። የሚያልቀው ጫጩቱ ደረቅ መኖ እየበላ ወደ ትልቅ ታንክ ወይም ኩሬ ሲዛወር ነው። የምጠቅሳቸው ቀኖች በሙሉ ውሃው 28 ዲግሪ ሲሆን ነው። ውሃችሁ ከቀዘቀዘ ሁሉም ነገር ይዘገያል፤ ስለዚህ ከቀን መቁጠሪያው ይልቅ የዓሣውን ሆድ እመኑ።

## መጀመሪያ ይህን እወቁ፦ የጫጩቱ ሆድ እንዴት ይሠራል?

ይህን ክፍል አትዝለሉት። ከታች ያሉት ትእዛዞች ሁሉ ከዚህ የሚመነጩ ናቸው።

አምባዛ ሲፈለፈል ርዝመቱ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ነው። አፉ ዝግ ነው። አንጀቱ ቀጥ ያለ ቀጭን ቱቦ ነው። የሚኖረው ሆዱ ስር ባለው የአስኳል ከረጢት ነው።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን አፉ ይከፈታል፣ ጉበቱና ቆሽቱ ሥራ ይጀምራሉ። ጨጓራው ግን ገና ነው። በዚህ ጊዜ ፕሮቲን የሚፈጨው ቆሽቱ በሚያመነጫቸው ትሪፕሲንና መሰል ኢንዛይሞች፣ አሲድ በሌለበት አንጀት ውስጥ ነው። ያልተፈጨውን የተወሰነ ፕሮቲን ደግሞ የኋለኛው አንጀት ሴሎች እንዳለ ይውጡትና እዚያው ውስጣቸው ይፈጩታል። ይህ መንገድ ለስላሳና ውሃማ ለሆነ ሕያው ምግብ ይበቃል። ተፈጭቶ፣ በሙቀት ተጨምቆ፣ ደርቆ ለመጣ መኖ ግን አይበቃም።

መብላት ከጀመረ ከ4 እስከ 5 ቀን በኋላ የጨጓራው ዕጢዎች ይሠራሉ፤ አሲድና ፔፕሲን የሚባለው ኢንዛይም ይመጣሉ። ደረቅ መኖ ትርጉም የሚኖረው ከዚህ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ጫጩቱ ዱቄቱን ሊውጠው ይችላል። ሆዱም የሞላ ይመስላል። ግን አይጠቀምበትም፤ ሆዱ ሞልቶ በረሃብ ይሞታል።

## ከመዳበሩ በፊት ዝግጁ መሆን ያለበት

እንቁላሉ ከዳበረ በኋላ ወደ ገበያ መሮጥ አይቻልም። በ28 ዲግሪ ከ22 እስከ 23 ሰዓት ውስጥ ይፈለፈላል። ስለዚህ የሚከተለው ሁሉ ቀድሞ ይገኝ።

ውሃ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ በሰፊ ዕቃ ቀድታችሁ፣ አየር እየሰጣችሁት ቢያንስ 24 ሰዓት አቆዩት። 48 ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። ክሎሪን ያለበት ውሃ ስንጥባቸውን ያቃጥላል። የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ደግሞ ኦክስጅኑ በጣም ትንሽ ሊሆን ስለሚችል በደንብ ሳይናፈስ አትጠቀሙበት። የስምጥ ሸለቆ አካባቢ ውሃ ብዙ ጊዜ አልካላይን ነው፤ ፒኤቹ (የውሃው አሲድነት መለኪያ) ከ8 በላይ ከሆነ ከቆሻሻ የሚወጣው አሞኒያ ይበልጥ መርዛማ ይሆናል። እዚያ ያላችሁ ጽዳት ላይ እጥፍ ጥብቅ ሁኑ።

ሙቀት። ከ27 እስከ 29 ዲግሪ። አዲስ አበባና መሰል ደጋ ከተሞች ውስጥ ያለ ሂተር አትሞክሩት። ቀን 27፣ ሌሊት 20 ከሆነ ጫጩቱ አይተርፍም። ሂተር ገዝታችሁ ቴርሞሜትር መተው ግን ትርጉም የለውም፤ ሂተሩ ላይ የተጻፈው ቁጥርና የውሃው ሙቀት ሁልጊዜ አይገጥሙም።

አየር። የአየር ፓምፕና የአየር ድንጋይ። አረፋው ስስና ለስላሳ ይሁን፤ ጫጩቱን የሚያንገላታ መሆን የለበትም። ከፍታ ላይ ያላችሁ ልብ በሉ፦ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ውሃው መያዝ የሚችለው ኦክስጅንም ያንሳል። ባሕር ጠረፍ ላይ 28 ዲግሪ ያለው ውሃ በሊትር ወደ 7.8 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ይይዛል። አዲስ አበባ ላይ ያው ውሃ ሞልቶ ሲጠግብ 6 ገደማ ነው። እኛ የምንፈልገው ከ5 በላይ ስለሆነ ያላችሁ ትርፍ ጠባብ ነው። ከውጭ መጽሐፍ ላይ ያገኛችሁትን የጫጩት ብዛት እንዳለ አትገልብጡ፤ በሊትር ከ30 እስከ 50 ጫጩት ለጀማሪ በቂ ነው።

መጠባበቂያ መብራት። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ግዴታ ነው። መብራት የሚጠፋው ሌሊት ከሆነ ጠዋት የምታገኙት የሞተ ታንክ ነው።

የአርቴሚያ እንቁላል። አርቴሚያ ለጫጩቱ የመጀመሪያ ምግብ የሚሆን ደቃቅ የጨው ውሃ ፍጥረት ነው፤ እንቁላሉ በቆርቆሮ ይሸጣል። ቆርቆሮው ከተከፈተ በኋላ አየርና እርጥበት እንዳያገኘው በደንብ ታሽጎ በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። አዲስ ቆርቆሮ ስትገዙ አንድ ቁንጥጫ ቀድማችሁ አስፈልፍሉ። የማይፈለፈል አርቴሚያ መያዛችሁን ማወቅ ያለባችሁ ዛሬ ነው፤ ጫጩቱ አፉን ከከፈተ በኋላ ጊዜ የለም።

መረብ። እንቁላሉን የምታነጥፉበት ቀዳዳው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ መረብ ያስፈልጋል። ማስጠንቀቂያ፦ የወባ አጎበር አትጠቀሙ! አጎበሩ የተነከረበት ፀረ ትንኝ ለዓሣ ኃይለኛ መርዝ ነው። ታጥቧል ብላችሁም አትመኑት።

መሸፈኛ። የአምባዛ ጫጩት ብርሃን አይወድም። ታንኩን ከላይ የሚሸፍን ጥቁር ላስቲክ ወይም ጨርቅ አዘጋጁ። አየር ማስገቢያ ይኑረው።

## ደረጃ 1፦ እንቁላሉን አንጥፉ

1. የዳበረው እንቁላል ውሃ እንደነካው መጣበቅ ይጀምራል። ወዲያውኑ መረቡ ላይ አፍስሱና በላባ ወይም በለስላሳ ብሩሽ በአንድ ረድፍ ዘርጉት።
2. አንዱ በአንዱ ላይ እንዲከመር አትፍቀዱ። ከስር ያለው ኦክስጅን አጥቶ ይሞታል፤ የሞተው ሻጋታ ያወጣል፤ ሻጋታው ወደ ጤነኛው ይሻገራል። 1 ግራም እንቁላል ከ600 እስከ 700 ፍሬ ስለሆነ ትንሽ የሚመስለው ክምር ብዙ ነው።
3. መረቡ ከታንኩ ወለል በጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ውሃ ከላይም ከታችም እንዲያልፍበት ይወጠር።
4. 10 ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ተመልከቱ። ሕያው እንቁላል ብርሃን ያሳልፋል፤ ውስጡ እያደገ ያለ ነጥብ ይታያል። ነጭ ወተት የመሰለው ሞቷል።

ከተበላሸ፦ ነጩ ከግማሽ በላይ ከሆነ ችግሩ የእንቁላሉ ብስለት ወይም የማዳበሩ ሂደት ነው። ይህን ታንክ ለማዳን ጊዜ አታባክኑ። ነጩ ጥቂት ከሆነ የተጠጋጋውን በጠብታ መሳቢያ አንሱ። ማላካይት ግሪን የሚባለውን መድኃኒት የሚመክራችሁ ካለ አትስሙት፤ ለምግብ በሚውል ዓሣ ላይ በብዙ አገሮች የተከለከለ ነው።

## ደረጃ 2፦ ሲፈለፈል መረቡን በጊዜ አውጡ

ጫጩቱ እንደተፈለፈለ በመረቡ ቀዳዳ ወደ ታች ይወርዳል። የሞተው እንቁላልና ቅርፊቱ ላይ ይቀራል። የመረቡ ጥቅም ይኸው ነው።

1. መፈልፈሉ ከጀመረ በኋላ ጥቂት ሰዓት ጠብቁ። ሁሉም እኩል አይወጣም።
2. ከዚያ መረቡን ቀስ ብላችሁ፣ ሳታራግፉ ከውሃው አውጡ። ዘግይታችሁ ካወጣችሁት የሞተው እንቁላል በስብሶ ውሃውን ያበላሸዋል።
3. ታንኩን ሸፍኑ።
4. ታች የቀረውን ቅርፊት በቀጭን ጎማ ሳቡ። የሳባችሁትን ውሃ በነጭ ሳህን ላይ አፍስሱና ጫጩት አብሮ እንዳልወጣ እዩ።

ጫጩቱ ጥግ ላይ ተከማችቶ ቢርመሰመስ አትደንግጡ፤ ተፈጥሮው ነው። መደንገጥ ያለባችሁ ተበታትኖ፣ ሳይንቀሳቀስ በጎኑ ሲተኛ ነው።

## ደረጃ 3፦ አስኳሉ እስኪያልቅ ምንም አትስጡ

ይህ ደረጃ ምንም ሥራ የሌለው ይመስላል። ሰው ግን አላስችል እያለው ብዙ ጥፋት የሚፈጽመው እዚሁ ነው። ጫጩቱ አሳዝኖት ዱቄት ይበትናል። አፉ ዝግ ነው፤ ዱቄቱ ወለሉ ላይ ይበሰብሳል፤ መብላት በሚጀምርበት ቀን ውሃው ተመርዞ ይጠብቀዋል።

በዚህ ጊዜ የእናንተ ሥራ ሙቀቱን መጠበቅ፣ ቆሻሻ መሳብና አርቴሚያውን ማዘጋጀት ነው።

በሁለተኛው ቀን ማታ ጥቂት ጫጩቶች በነጭ የሻይ ሲኒ ቅዱና በማጉያ መነጽር እዩ። ሦስት ነገር ፈልጉ። አንደኛ፣ የአስኳሉ ከረጢት ከስቶ ቀጭን መስመር ሆኗል? ሁለተኛ፣ አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል? ሦስተኛ፣ ከወለሉ ተነስቶ ወደ ፊት ይዋኛል? ሦስቱም አዎ ከሆነ የመጀመሪያው መብል ደርሷል። ብዙ ጊዜ ይህ ከተፈለፈለ ከ2 ቀን ተኩል እስከ 3 ቀን ይሆናል። ጥቂት አስኳል ቢቀር ችግር የለውም። እንዲያውም አስኳሉ ጨርሶ ሳያልቅ ምግቡ ቢቀርብ ይሻላል።

ከአሁን ጀምሮ ቀን የምትቆጥሩት ከዚህ ነው። ይህን የመብል ቀን 1 በሉት።

## ደረጃ 4፦ አርቴሚያውን ከ1 ቀን ቀድማችሁ ጀምሩ

አርቴሚያ ለመፈልፈል 24 ሰዓት ይፈልጋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዙር በመብል ቀን 1 ዋዜማ መግባት አለበት። ከዚያ በየቀኑ አዲስ ዙር ይግባ፤ ሁለት ዕቃ እያፈራረቃችሁ ሥሩ።

1. ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ቂጡን ቁረጡና ገልብጡት። ክዳኑ ላይ ቀጭን ጎማና መዝጊያ ግጠሙ።
2. በሊትር ከ25 እስከ 30 ግራም ጨው አድርጉ። ውሃችሁ ለስላሳ ከሆነ በሊትር 1 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩ፤ ፒኤቹ 8 አካባቢ ይሁን።
3. በሊትር ከ1 እስከ 2 ግራም የአርቴሚያ እንቁላል አስገቡ። ከዚህ በላይ ማድረግ ትርፍ የለውም።
4. አየሩ ከታች በኃይል ይግባ። እንቁላሉ መዝቀጥ የለበትም።
5. 28 ዲግሪ ይሁን፤ አምፖል ቅርብ ይብራበት።

ስትሰበስቡ አየሩን አቁሙና 10 ደቂቃ ጠብቁ። የላይኛውን ክፍል በጨርቅ ሸፍኑ፤ መብራቱን ወደ ታች አዙሩ። ባዶው ቅርፊት ይንሳፈፋል። የተፈለፈለው ወደ ብርሃኑ ይወርዳል። ያልተፈለፈለው እንቁላል ደግሞ ከሁሉም በታች ይዘቅጣል። የመጀመሪያውን ጥቂት ጠብታ ድፉት። ቀጥሎ የሚወርደውን ብርቱካናማ ክፍል በጣም ጥቅጥቅ ባለ ወንፊት ያዙ። ቅርፊቱ ከመድረሱ በፊት ዝጉ። በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ለጫጩቱ ይሰጥ።

ቅርፊቱን ማስወገድ ግዴታ ነው። ቅርፊት አይፈጭም። የጫጩቱን ቀጭን አንጀት ይደፍናል፤ የተደፈነው ደግሞ ይሞታል።

አዲስ የተፈለፈለውን ስጡ። አርቴሚያም የራሱ አስኳል አለው። በቆየ ቁጥር አስኳሉን ይጨርሳል፤ ለጫጩቱ የሚተርፈው እየቀነሰ ይሄዳል። ለቀኑ የሚተርፈውን አጥባችሁ ጨዋማ ውሃ ውስጥ፣ ፍሪጅ ውስጥ 4 ዲግሪ አካባቢ አቆዩት። ከ24 ሰዓት በላይ ግን አታቆዩት።

### አርቴሚያ ካጣችሁ

ዋጋው ውድ ነው፤ ሁልጊዜም አይገኝም። ያለው ምርጥ ምትክ ሞይና የሚባለው ትንሽ የውሃ ቁንጫ ነው። በአረንጓዴ ውሃ ወይም በጥቂት እርሾ ይራባል፤ ጨዋማ ውሃ አይፈልግም። ሙቀት ባለበት ቦታ በ4 እና በ5 ቀን ውስጥ ይወልዳል። ስለዚህ ዓሣውን ከማስወለዳችሁ ከ2 ሳምንት በፊት ጀምሩት። ለመጀመሪያዎቹ ቀኖች በግማሽ ሚሊ ሜትር ወንፊት ያለፈውን ትንሹን ብቻ ስጡ።

ከኩሬ የተጠለፈ ሕያው ምግብም ይሠራል፤ ግን አጥሩት። ሳይክሎፕስ የሚባለው የውሃ ፍጥረት ትንሹን ጫጩት ራሱ ያጠቃዋል። የተርብ ዝንብ እጭ ከገባ ደግሞ ጫጩቱን እየለቀመ ይበላዋል።

የተቀቀለ የእንቁላል አስኳልን ብዙ ሰው ይሞክረዋል። እኔ አልመክርም። ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ ያሸታል፣ ባክቴሪያ ያራባል። ጫጩቱ የሚያገኘው ከሚያጣው ያነሰ ነው። ፍሩሽካና የኑግ ፋጉሎ ዱቄትማ ጭራሽ አይታሰቡ፤ አሰራቸው ብዙ ነው፣ ለዚህ ዕድሜ ሆድ አይሆኑም።

## ደረጃ 5፦ ከመብል ቀን 1 እስከ 4፣ ሕያው ምግብ ብቻ

1. በቀን 6 ጊዜ መግቡ፦ ጠዋት 12 ሰዓት፣ 3 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት፣ 9 ሰዓት፣ ማታ 12 ሰዓትና 3 ሰዓት። ከቻላችሁ ሌሊት 6 ሰዓት ላይም ጨምሩ።
2. ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ስጡ። አርቴሚያ የጨው ውሃ ፍጥረት ስለሆነ በጨው አልባ ውሃ ብዙ አይቆይም። ሞቶ ይዘቅጣል፤ የሞተው ውሃ ያበላሻል።
3. መነሻ መጠን፦ ለ1,000 ጫጩት በመጀመሪያው ቀን ከ1 ግራም እንቁላል የተፈለፈለ አርቴሚያ፣ በ6 ተከፍሎ። ከዚያ በየቀኑ ጨምሩ፤ ጫጩቱ በፍጥነት ስለሚያድግ በአራተኛው ቀን የሚበላው የመጀመሪያው ቀን ብዙ እጥፍ ነው።
4. ከሰጣችሁ ከ30 ደቂቃ በኋላ ጥቂት ጫጩቶች በነጭ ሲኒ ቅዱና ሆዳቸውን እዩ።

ይህን አራተኛውን ነገር በየቀኑ አድርጉ። የዚህ ዕድሜ ጫጩት ሰውነቱ ብርሃን ያሳልፋል። አርቴሚያ የበላ ጫጩት ሆዱ ብርቱካናማ ሆኖ በግልጽ ይታያል፤ ያልበላው ሆዱ ባዶና ወደ ውስጥ የገባ ነው። ከቀዳችሁት 20 ውስጥ 18ቱ ብርቱካናማ ከሆኑ መጠኑ ልክ ነው። ግማሹ ባዶ ከሆነ ምግቡ አንሷል ወይም ሁሉም ጥግ አልደረሰም። ብርቱካናማው ሁሉ ሞልቶ ወለሉም ብርቱካናማ ከሆነ ደግሞ ከልክ በላይ ሰጥታችኋል።

5. ጠዋትና ማታ ከመመገባችሁ በፊት ወለሉን ሳቡ። በቀን ከ20 እስከ 30 በመቶ ውሃ ቀይሩ። የምትጨምሩት ውሃ ሙቀቱ ከታንኩ ጋር እኩል ይሁን።

ከተበላሸ፦

*አይበላም።* መጀመሪያ ሙቀቱን እዩ። ከ25 በታች ከሆነ መፍትሔው እሱ ነው፤ ቀስ ብላችሁ፣ በሰዓት ከ1 ዲግሪ ባልበለጠ ፍጥነት አሙቁ። ሙቀቱ ልክ ከሆነ አስኳሉ ገና አላለቀ ይሆናል፤ ግማሽ ቀን ጠብቁ።

*ራሱ ትልቅ፣ ሰውነቱ ቀጭን ሆነ።* ተርቧል። ረሃቡ ከተወሰነ ነጥብ ካለፈ ምግብ አፉ ስር ቢቀርብለት እንኳ አይበላም፤ የምግብ መፍጫው ራሱ ይጎዳል። ስለዚህ የዘገየ አርቴሚያ ካልመጣ አርቴሚያ እኩል ነው።

*ሆዱ አብጦ ቀላ፣ አንዳንዱ ፈነዳ።* ይህ ከልክ በላይ ከመመገብና ከባክቴሪያ ጋር አብሮ ይመጣል። አንድ ቀን ምግቡን በግማሽ ቀንሱ፤ ወለሉን ሳቡ፤ ግማሽ ውሃ ቀይሩ፤ የሞተውን ወዲያው አውጡ። አንቲባዮቲክ በግምት አትጨምሩ።

*ሁሉም ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል።* ኦክስጅን አጥሯል። በዚህ ዕድሜ አምባዛ ገና ከአየር አይተነፍስም። ትልቁ አምባዛ ጭቃ ውስጥ ይኖራል ብላችሁ ጫጩቱም ይችላል አትበሉ። ምግብ አቁሙ፣ አየር ጨምሩ፣ ውሃ ቀይሩ።

## ደረጃ 6፦ ከመብል ቀን 5 ጀምሮ፣ ደረቁን ማለማመድ

አሁን ጨጓራው ሥራ መጀመር አለበት። ግን ሁሉም እኩል አያድግም፤ ስለዚህ በአንዴ አትቀይሩ።

ዝግጁ መሆኑን መለኪያ። 5 ሚሊ ሜትር ካሬ ያለው የሂሳብ ደብተር ወረቀት ከሲኒው ስር አድርጉ። አብዛኛው ጫጩት ሁለት ካሬ ሞልቶ ካለፈ፣ ማለትም 11 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከሆነ፣ ጊዜው ደርሷል። ጢሙም ረዝሞ በዓይን ይታያል። ቀኑ 5 ሆኖ ጫጩቱ 8 ሚሊ ሜትር ከሆነ አትጀምሩ፤ ሕያው ምግቡን ቀጥሉ።

የመኖው ዓይነት። ፕሮቲኑ ከ50 በመቶ የማያንስ፣ መሠረቱ የዓሣ ዱቄት የሆነ፣ የፍሬው መጠን ከ0.2 እስከ 0.35 ሚሊ ሜትር ይሁን። ራሳችሁ የምታዘጋጁ ከሆነ ጥሬ አኩሪ አተር አታስገቡ። ጥሬ አኩሪ አተር የትሪፕሲንን ሥራ የሚያግድ ነገር አለው። ይህ ጫጩት ደግሞ እስከ ትናንት ድረስ ፕሮቲን የሚፈጨው በዋናነት በትሪፕሲን ነበር። ስለዚህ አኩሪ አተሩ በሙቀት በደንብ የበሰለ ይሁን፤ መጠኑም ለዚህ ዕድሜ ትንሽ ይሁን።

አሰጣጡ።

1. ቀን 5 እና 6፦ ከ6ቱ መብል 2ቱን፣ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት፣ በደረቅ ጀምሩ። ደረቁን የምትሰጡት በራበው ሰዓት ነው። ከ20 ደቂቃ በኋላ አርቴሚያውን አስከትሉ።
2. ቀን 7 እና 8፦ 4ቱን በደረቅ፣ 2ቱን በአርቴሚያ።
3. ቀን 9፦ ለመኝታው ሰዓት ብቻ አርቴሚያ ስጡ።
4. ቀን 10፦ ደረቅ ብቻ።

አሁንም ሲኒው አይቅር። አሁን የምትፈልጉት በሆዱ ውስጥ ቡናማ ቀለም ነው። ቡናማ ሆድ ያላቸው ከግማሽ በታች ከሆኑ ወደ ቀጣዩ ቁጥር አትለፉ፤ ያላችሁበት ላይ አንድ ወይም ሁለት ቀን ጨምሩ። እነዚህ ሁለት የአርቴሚያ ቀኖች ወጪ ናቸው፤ ግን የታንኩን ግማሽ ከማጣት ይረክሳሉ።

ደረቅ መኖ ሲጀመር ውሃ ቶሎ ይቆሽሻል። ከእያንዳንዱ መብል ከ30 ደቂቃ በኋላ የተረፈውን ሳቡ። ውሃው ላይ ቅባት ከተንሳፈፈ በንጹሕ ወረቀት ጠርጋችሁ አንሱ።

ከተበላሸ፦ ደረቁን ጀምራችሁ በማግስቱ የሞተው ቁጥር ከጨመረ፣ ሙሉ በሙሉ ወደ አርቴሚያ ተመለሱ። ሁለት ቀን ቆዩ። እንደገና ስትሞክሩ ወደ 30 የሚሆኑትን ለብቻ በሳፋ አድርጋችሁ ደረቁን ለነሱ ብቻ ስጡ። በሳፋው ያሉት በልተው ሌሊቱን ካደሩ፣ ትልቁን ታንክ ቀጥሉ።

## ደረጃ 7፦ መጠን ለዩ፤ አለዚያ ይበላላሉ

አምባዛ አምባዛን ይበላል። የሚጀምረውም ከምታስቡት ቀድሞ ነው። ታንኩ ወለል ላይ ሰውነት የሌለው ጭንቅላት ብቻ ካገኛችሁ በሽታ አይደለም። ትልቁ ትንሹን ከጭራው ጀምሮ ውጦ፣ ጠንካራውን ጭንቅላት ትቶታል። በኋላ አድጎ ሙሉውን መዋጥ ሲጀምር ደግሞ ማስረጃ አይቀርም፤ ቁጥሩ ዝም ብሎ ይቀንሳል።

1. ከመብል ቀን 8 ወይም 10 ጀምሮ በየሳምንቱ ለዩ።
2. ከመለየታችሁ በፊት አንድ መብል ዝለሉ፤ የሞላ ሆድ ያለው ዓሣ ሲያዝ ይጎዳል።
3. በወንፊት ወይም በቀዳዳ ሳፋ ትንሹ በራሱ እንዲወጣ አድርጉ። በእጅ አትያዙ።
4. በግልጽ ጎልተው የሚታዩትን ጥቂት ትልልቆች አስቀድማችሁ አውጡ። የሚያጠፉት እነሱ ናቸው።
5. ታንኩ እንደተሸፈነ ይቆይ። በጨለማ ይረጋሉ፤ መነካከሳቸውም ያንሳል።

መራብ መበላላትን ያባብሳል። መለየት የረሳ ሰው በምግብ ሊያካክሰው ይሞክራል፤ ትንሽ ይረዳል፣ ግን አይተካውም።

## ደረጃ 8፦ አየር መተንፈስ ሲጀምርና ወደ ኩሬ ሲሄድ

በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ከስንጥቡ በላይ ያለው አየር መተንፈሻ አካል ያድጋል። ጫጩቱ ፈጠን ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ አንድ ጉርሻ አየር ይወስዳል፣ ተመልሶ ይወርዳል። ይህ ከደረጃ 5ቱ የኦክስጅን እጥረት የተለየ ነው፤ እዚያ ሁሉም ላይ ቆሞ ይቀራል፣ እዚህ ወጥቶ ይመለሳል።

ከዚህ በኋላ ላዩን የሚዘጋ ነገር አታድርጉ። ቅባት፣ የተንሳፈፈ መኖ፣ ውሃውን የሚነካ ላስቲክ፣ ሁሉም ይነሳ። ውሃው ጥልቅ ከሆነም ትንሹ ጫጩት ወጥቶ ለመመለስ ይደክማል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ በቂ ነው።

የመኖውን ፍሬ አሳድጉ፦ መጀመሪያ እስከ 0.5፣ ከዚያ እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር። ሁለት መጠን ለጥቂት ቀን ቀላቅላችሁ አሸጋግሩ።

ወደ ኩሬ ስትወስዱ፦

1. ኩሬው ከ1 ሳምንት በላይ ውሃ ይዞ ከቆየ እንቁራሪትና የውሃ ነፍሳት ሰፍረውበታል። አድርቁት፣ አጽዱት፣ ጫጩቱ ከመግባቱ ጥቂት ቀን በፊት ብቻ ሙሉት።
2. ዙሪያውን እንቁራሪት የማይዘለው ከፍታ ያለው አጥር፣ ከላይ የወፍ መረብ አድርጉ።
3. ከማጓጓዛችሁ አንድ ቀን በፊት መመገብ አቁሙ። ሆዱ ባዶ የሆነ ዓሣ የመጓጓዣውን ውሃ አያቆሽሽም።
4. ጠዋት ወይም ማታ ቀዝቀዝ ሲል አጓጉዙ።
5. ኩሬው ዳር ስትደርሱ ጫጩቱን የያዘውን ላስቲክ ውሃው ላይ አንሳፍፉት። ከ20 ደቂቃ በኋላ የኩሬውን ውሃ በትንሽ በትንሹ ጨምሩበት። ከዚያ አፉን ክፈቱና ጫጩቱ በራሱ ይውጣ፤ አትድፉት።
6. የመጀመሪያውን መኖ በዚያው ማታ፣ ሁልጊዜ በአንድ ጥግ ስጡ። በማግስቱ ጠዋት ያንኑ ጥግ እዩ፤ መኖው ካልተነካ መጠኑን ቀንሱ፣ የሞተ ካለ ልቀሙ፣ ቁጥሩንም መዝግቡ።